ቃኑኑ ምን አለ

ሱብሂ ደላል ያን ዕለት ጠዋት ሚስቱን የጠራት ወፉ ታንቆ ሊሞት ነው ብሎ ነው። ከወፍ ገበያ ከገዛው ገና ወር ያልሞላው፣ ፊቱ ቀይ፣ ክንፉ ቢጫ ጣል ያለበት ሐሱን የሚሉት ወፍ መስኮቱ አጠገብ በተንጠለጠለው የሽቦ ቤት ውስጥ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ጉሮሮው ይርገበገባል፣ ደረቱ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የሚባል ግን የለም። ሱብሂ እህል ጉሮሮው ላይ የቆመበት መሰለውና «ናዚራ፣ ቶሎ ነይ፣ ይሄ ወፍ ሊሞትብን ነው» ብሎ ጮኸ። ናዚራ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣች። ወፉን አየችው። ከዚያ ባሏን አየችው፤ ብዙ ቆማ አየችው። የሽቦ ቤቱን ከማንጠልጠያው አውርዳ ወደ ወጥ ቤት ይዛው ገባች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ሱብሂ ባዶው ማንጠልጠያ ፊት ቆሞ ቀረ። ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው፣ ሲገባው ግን ክው አለ። ወፉ አልታነቀም። እየዘፈነ ነበር። እሱ ግን ምስኪኑን ወፍ ሻጭ ገበያ መሐል ሁለት ጊዜ አዋርዶታል፤ «ዲዳ ወፍ ሸጥክልኝ፣ አጭበርባሪ» ብሎ ሰው ሰብስቦበታል። ሰውዬው በልጆቹ እየማለ፣ ወላሂ ከዚህ የተሻለ ዘፋኝ በእጄ ገብቶ አያውቅም ሲል ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። «ጆሮዎን ይታጠቡ» ሊለው ግን አልደፈረም። አሌፖ ውስጥ የሱብሂን ጆሮ ማን ይጠረጥራል? ሱብሂ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄዶ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ምንም የለም። ሌላኛውን ጆሮ ለጠፈ። እሱም ምንም የለውም። አጠገቡ ባገኘው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

ሱብሂ ማነው ቢባል ከውሃ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ ተራ ጸሐፊ ነው። ገንዘብ የለው፣ ዘመድ የለው፣ የሚኖርባት ቤት እንኳን ሚስቱ ከአባቷ የወረሰቻት ናት። ያስከበረው ጆሮው ብቻ ነው። እዚያ ከተማ ዘፋኝ የሚፈራው መድረኩን አይደለም፤ ከፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ነው። ዜማው ዞሮ ዞሮ ቤቱ ሲገባ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ «አላህ» የሚል አድማጭ ከዘፋኙ እኩል ይከበራል። የሱብሂ አንድ «አላህ» ለዘፋኝ እንጀራው ናት። ዝም ካለ ደግሞ ዘፋኙ በማግስቱ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። መንገድ ላይ የጸሐፊን ሰላምታ የማይመልሱ የክርና የፒስታቺዮ ነጋዴዎች ሐሙስ ማታ ሙዚቃ ለመስማት ወደሚሰበሰቡበት ቤት እሱ ሲገባ ከወንበራቸው ይነሱለታል። ታዲያ ይሄ ጆሮ ከሄደ ምን ይቀራል? የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይቀራል። ሱብሂ ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ፍርሃቱም እሱው ነው። ምልክቱ ሳይታየው ቀርቶ አይደለም። ባለፈው ዓመት ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ሁሉ ጣታቸው የላላ መስሎት ነበር፤ ስልኩም የተበላሸ፣ ሰዉም እየተንሾካሾከ መናገር የለመደ። ዓለም ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ እኔ አልደነቆርኩም እያለ ራሱን ሲሸነግል ከርሟል።

የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ ይሄን ሰማው፤ ወፍራም ድምፅ አሁንም ይሰማዋል። የናዚራ ወንድም ማምዱህ ነው። ማምዱህ ሳሙና ነጋዴ ነው፤ ሰውነቱ ግዙፍ፣ እጁ የማይሰስት፣ ሲስቅ ቤት የሚያናውጥ። የሐሙሱ ማኅበር የሚሰበሰብበት አዲስ ክፍል ቤቱ ውስጥ አሠርቷል፣ ግድግዳውንም በምንጣፍ አልብሶታል። አሁን የቀረው መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ስፒከር መግዛት ነው። ምርጫው ለሱብሂ ከተሰጠ ሁለት ወር አልፎታል፣ ቀኑም ዛሬ ነው። ማምዱህ ራሱ የሙዚቃ ጆሮ እንደሌለው የማያውቅ የለም። ሐሙስ ሐሙስ ዓይኑ ከሱብሂ ፊት አይነቀልም፤ ሱብሂ «አላህ» ሲል እሱም ትንፋሹን ሰብስቦ ይከተላል። የማምዱህ «አላህ» ሁልጊዜ አውቶቡስ አምልጦት ነው የሚመጣው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ሱብሂ ሆዴን አሞኛል ሊል አስቦ ነበር፣ ቃሉም አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ይሁንና ናዚራ ቀደመችው። በር ላይ ቆማ ለወንድሟ «ዛሬ ይቅርበት፣ ሌላ ቀን ይሂድ» ስትለው ከከንፈሯ አነበበ። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሀዘኔታ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ተቆጥታዋለች፣ አኩርፋዋለች፣ ተሳድበዋል። አዝናለት ግን አታውቅም። ደሙ ፈላ። «ምን ሆኜ ነው የሚቀርብኝ?» አለና ኮቱን ከመስቀያው አንስቶ ወጣ። ሲወጣ ዞር ብሎ አላያትም።

መኪናው ውስጥ ማምዱህ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ያወራል፣ ሱብሂ የሚሰማው ጉምጉምታ ነው። ልክ ይሁን ስህተት ሳያውቅ «እንዴታ»፣ «ያው ነው»፣ «አላህ ይወቅ» እያለ ይመልሳል። አንዴ ማምዱህ ዞር ብሎ ግራ በመጋባት ሲያየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ለካ ሲያወራ የነበረው ስለ ቡርሃን ኖሯል። ይሄን ያወቀው ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ነው፤ ቡርሃን ከዘራውን ተደግፎ፣ ነጭ ጢሙን እያሻሸ ይጠብቃቸዋል። ሱብሂ ከመኪናው ሳይወርድ ቢቀር በወደደ። ቡርሃን ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው፣ ምላሱ መላጫ። ዕድሜ ልካቸውን ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን ቀድሞ ሰማ ሲባባሉ ኖረዋል። ቡርሃን የገዛ ወንድሙን ሠርግ ላይ በአንድ ቀልድ አዋርዶት ሰውዬው ከተማ ቀይሯል። ቡርሃን ካወቀ እስከ መግሪብ ሶላት ፀጉር አስተካካዮቹ ሁሉ ያውቃሉ።

ሱቁ አዚዚያ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቱ አርመናዊው ሆቭሴፕ የሞተ ራዲዮ ሲያስነሳ ያረጀ፣ ትሕትና የበዛበት ሰው ነው። ሻይና ሥጋ የተነሰነሰበት ቂጣ አስመጣ፣ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ማሞቂያ ናፍጣ መወደድ ተማረረ፣ ከዚያ በወፍራም መጋረጃ ወደ ተሸፈነው የጓሮ ክፍል አስገባቸው። ሦስት ወንበር አለ። መሐለኛው ለዳኛው ነው፤ ማንም ሳያዝ ሁሉም ለሱብሂ ለቀቁለት። ፊት ለፊት ሁለት ጥንድ ስፒከር ቆሟል። አንደኛው ቀጭን፣ ደረት ድረስ የሚደርስ፣ የለውዝ እንጨት የለበሰ፣ መቶ ሰማንያ ሺህ ሊራ። ሌላኛው ሰፊ፣ ጥቁር፣ ልብስ ሳጥን የሚያህል፣ መቶ ሠላሳ ሺህ። ማምዱህ ዋጋው አያሳስብህ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሱብሂን የሚያሳስበው ዋጋው ቢሆን ምንኛ ደስ ባለው።

ሆቭሴፕ መጀመሪያ ጥቁሩ ላይ የዑድ ጨዋታ አሰማ። ሱብሂ ትንፋሹ ተመለሰ። ወፍራሙ ክር ከወለሉ በጫማው በኩል ወጥቶ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ሰማ፣ በደንብ ሰማ። የጠዋቱ ነገር ቅዠት መሰለው። ቀጥሎ ሆቭሴፕ ያንኑ ጨዋታ ወደ ቀጭኑ አዛወረው፣ ክፍሉም ባዶ ሆነ። አንድ ሰው ዑዱን ይዞት የወጣ ነው የሚመስል፤ ከሩቅ፣ ከሌላ ቤት የሚመጣ ድብደባ ብቻ ቀረ። ሱብሂ የሰዎቹን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየ። ቡርሃን ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ሆቭሴፕ ፈገግ ብሏል። ማምዱህማ እንደ ልማዱ እሱን እያየ ነው። ስለዚህ ጥሩው ይሄ ነው ማለት ነው። ሱብሂ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቀጭን ነው፣ ግን አይዋሽም» አለ። ቡርሃን ራሱን ነቀነቀ። ሱብሂ በልቡ አልሐምዱሊላህ አለና ወዲያው አፈረ። እንደ ሌባ ከሰው ፊት ላይ እየሰረቀ ነው። ቢሆንም እንዲህም ሆኖ መኖር ይቻላል ሲል አሰበ፤ ሰው ሁሉ ፊት አለው፣ ፊት ደግሞ ይነበባል።

ከዚያ ሆቭሴፕ ትልቁን የቴፕ ክር ማጫወቻ ከፈተና የዘፋኟን የሰኒያ ሐምዲን የሙዚቃ ድግስ ሊያሰማ ተነሳ። ሱብሂ ይሄን ሲያይ ፈታ አለ። ደማስቆ ላይ የተቀዳውን ያንን ድግስ እንደ ስሙ ያውቀዋል። ሴትዮዋ ስንኟን ሦስት ጊዜ ትመላልሳለች፣ በሦስተኛው ወርዳ ወርዳ ታርፋለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ አዳራሹ ይፈነዳል። የዚያች ዝምታ ባለቤት አድማጩ ነው። ሱብሂ ደንቁሮ ቢቀበር እንኳን እዚያች ላይ አይሳሳትም። ሆቭሴፕ ጀርባውን ሰጥቶ ክሩን ሲጠመጥም የሆነ ነገር ተናገረ። ቡርሃን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አንድ ቃል መለሰ። ሱብሂም የሰማ መስሎ «እንዴታ» አለ።

ድምፁ በቀጭኑ ስፒከር መጣ። የሰኒያ ድምፅ ወፈር ያለ ስለሆነ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ያህል ይደርሰዋል፤ የጎደለውን በልቡ እየሞላ ዓይኑን ጨፈነ። አንዴ አለች። ሁለቴ አለች። ፍርሃቱ እየለቀቀው ሄደ፤ ሃምሳ ዓመት የተቀመጠበት ቦታው ላይ ነው። ሦስተኛውን ጀመረች፣ ወረደች፣ ድምፅዋም ጠፋ። ዝምታ ሆነ። ሱብሂ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ከሆዱ «አላህ» አለ።

ማንም አልተከተለውም። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ከዚያ ቡርሃን «አላህ» አለ። ማምዱህ «አላህ» አለ፣ በመጨረሻም ክርስቲያኑ ሆቭሴፕ ሳይቀር ከማጫወቻው አጠገብ «አላህ» አለ። ሱብሂ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየው ዓይኑን ስለ ገለጠ ነው። የገለጠው ያች አንድ ትንፋሽ ስለከበደችው ነው። የክሩ ጥቅል አሁንም ይዞራል። የቡርሃን ግራ እጅ ከዘራው ላይ ነው፣ የቀኙ ጣቶች ግን ጉልበቱ ላይ ይርገፈገፋሉ፤ ይሮጣሉ፣ ቆም ይላሉ፣ መልሰው ይሮጣሉ። ይሄ ባለ ብዙ ክሩን መሣሪያ፣ ቃኑንን፣ የሚመታ እጅ ነው። አንድ ሰው እዚያ ስፒከር ውስጥ ቃኑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ከፍተኛዎቹን ቀጫጭን ክሮች በጥፍሩ እየነካ ነው፣ ሰኒያም ዝም ያለችው ለእሱ ቦታ ለቃ ነው። የደማስቆው ድግስ አይደለም። ሆቭሴፕ ጀርባውን ሰጥቶ የተናገረው ይሄንኑ ኖሯል፤ የሌላ ሌሊት ቅጂ ነው ያገኘሁት ብሎ። ሱብሂ የጮኸው ዝምታው ላይ አይደለም፤ ቃኑኑ ላይ ነው። በሰው ንግግር መሐል ገብቶ እንደሚያቋርጥ ባለጌ።

ሰማይ ምድሩ ዞረበት። ያስፈራው ስህተቱ ብቻ አይደለም። ቡርሃን ለምን ዝም አለ? ለወንድሙ ያልራራው ቡርሃን፣ ዕድሜ ልኩን ይቺን አንዲት ስህተት ሲጠብቅ የኖረው ቡርሃን፣ አፉ ውስጥ የገባለትን ቀልድ ለምን ዋጠው? ለዚህ መልሱ አንድ ነው። ቡርሃን ለእሱ ሲራራ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ሁሉም ያውቃሉ፣ ካወቁም ከርሟል፣ ሐሙስ ሐሙስ ከፊት ወንበር አስቀምጠው ያለ ቦታው የሚጥለውን «አላህ» እየለቀሙ ሲሸፍኑለት ኖረዋል። ወንበሩ ከሄደ ቆይቷል። እሱ ብቻ ነው ያልሰማው። ሱብሂን ተነስቶ መሮጥ አማረው። የት ይሮጣል? ቤቱ ናዚራ አለች። የናዚራ ፊት አለ።

«ሆቭሴፕ፣ እስቲ አቁመው» አለ። ጥቅሉ መዞሩን ሲያቆም አየ። «ቃኑኑ እየተጫወተ ነበር?»

ሆቭሴፕ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ማምዱህ የሻይ ብርጭቆውን አነሳ፤ ባዶ ነው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ቡርሃን፣ አንተን ነው የምጠይቀው። ያ ምላስህ ዛሬ የት ሄደ?»

ቡርሃን ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋው። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩ እንዲታይ አድርጎ ተናገረ፤ ይሄም ራሱ ለሱብሂ እንደ ጥፊ ነበር። «እየተጫወተ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«ካለፈው ረመዳን በፊት ነው።»

«እና ዝም አላችሁ?»

«ታዲያ ምን እንበል?» አለ ቡርሃን። «አንተ ‹አላህ› ካልክ እኛም እንላለን። ብቻህን ጮኸህ እንድትቀር የሚፈቅድ ማነው?»

ማምዱህ እንደዚያ ግዙፍ ሆኖ ሊያለቅስ የደረሰ ሕፃን መስሏል። ስፒከሩን ሌላ ቀን እናየዋለን፣ ምን አስቸኮለን፣ ሻይ ይጨመር እያለ በእጁም በአፉም ነገሩን ሊያድበሰብስ ሞከረ። ሐኪም አለ፣ ቤሩት ድረስ እወስድዎታለሁ፣ አሁን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማሽን አለ አለ። ሱብሂ እጁን አንስቶ አስቆመው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሸሸው የዋለው ነገር አፉ ላይ መጥቶ ቆሟል።

«እኔ የሚሰማኝ ጥቁሩ ነው» አለ። «ስለዚህ ቀጭኑን ግዛ።»

ከዚያ ተነሳ። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ነው የተነሳው። ማምዱህን ና፣ እዚህ መሐል ተቀመጥ አለው። ማምዱህ ዘወር ብሎ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ቡርሃንን አየ። ቡርሃን ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ማምዱህ። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ እርስዎን እያየሁ ነው።»

«አውቃለሁ። አሁን ግን እኔን አትይ፤ እኔ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ዓይንህን ጨፍንና ቃኑኑ ምን እንደሚል ንገረኝ።»

ማምዱህ ለፈተና እንደተጠራ ተማሪ ኮቱን እየሳበ መሐለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሆቭሴፕ ክሩን መለሰው። ሱብሂ የማምዱህን የቀድሞ ወንበር አዙሮ ከማምዱህ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ሆኖ ተቀመጠና ዓይኑን አፉ ላይ ተከለ። ስፒከሮቹ አሁን ከጀርባው ናቸው። ሰኒያ አንዴ አለች፣ ሁለቴ አለች፣ በሦስተኛው ወረደችና ጠፋች። ሱብሂ ያንን የባዶ ክፍል ዝምታ ዳግመኛ ገባበት፤ ልቡ ብቻ ጆሮው ውስጥ ይደልቃል።

«ሴትዮዋ ዝም አለች» አለ ማምዱህ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እሺ።»

«ቃኑኑ ብቻውን ነው። ቀጭን ነው... እንጃ፣ እንዴት ይባላል፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው።»

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ላይ ነው። ይወጣል ይወጣልና... ሊወርድ ነው ሲባል ይተወዋል። እንደገና ይወጣል።»

«የት ደረሰ? ከዚያስ?»

«ቆይ» አለ ማምዱህ። እርስዎ ማለቱንም ረሳው። መዳፉን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው፣ ዓይኑን አልገለጠም። ከዚያ እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ፊቱ ተለወጠ። ሱብሂ ስንት ዘመን ያየው ያ ሰፊ ፊት፣ ሁልጊዜ የሰው ፈቃድ የሚጠብቅ ፊት፣ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ትንፋሹ ደረቱ ውስጥ ቆመ፣ በዓይኑ ጥግ እንባ ቋጠረ። ቡርሃንም ጣቶቹን አቁሞ ማምዱህን እያየ ነው። አንድ ነገር እየመጣ ነው፣ ትልቅ ነገር፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከሱብሂ ጀርባ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ሱብሂ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ፈርቶ አያውቅም። እጁን ዘርግቶ የማምዱህን ጉልበት ያዘ፣ ጨበጥ አደረገው።

«ከዚያስ?» አለ።

ማምዱህ አልሰማውም።